አሻሚ ጥያቄና የተሰወረ ፍርድ

በስፕሪንግ ማዕቀፍ የዲፔንደንሲ ኢንጄክሽን ሕግ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም ለሚጽፉ ሁሉ የታወቀውን የስፕሪንግን ማዕቀፍ በአንድ ጠባብ ነጥብ ላይ መመርመር ነው። ነጥቡም ይህ ነው፤ አንድ የፕሮግራም ክፍል «እንዲህ ያለ ዕቃ ያስፈልገኛል» ብሎ ሲጠይቅና ለጥያቄው የሚስማሙ ሁለት ዕቃዎች ሲገኙ፥ ማዕቀፉ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው በምን ሕግ ነው? ሕጉስ የሚታመን ነውን?

ነገሩ ጥቂት መስሎ የሚታያቸው ይኖራሉ። ብዙዎቻችን ከዚህ ጉዳይ ጋር የምንተዋወቀው ፕሮግራሙ አልነሣም ብሎ የስሕተት መልእክት ባወጣ ጊዜ ነው። አንድ ምልክት ጨምረን ፕሮግራሙ ሲነሣ፥ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዳሩ ግን የፕሮግራሙ መነሣት ትክክለኛው ዕቃ መመረጡን አያረጋግጥም፤ እንዲያውም ከባዱ አደጋ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የምንደርስበትን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፥ ስፕሪንግ አሻሚ ጥያቄ ሲቀርብለት እምቢ ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። እምቢታውን ለማንሣት የፈቀዳቸው መንገዶች ግን እኩል አይደሉም። ከነዚህም አንዳንዶቹ ውሳኔውን ዕቃውን ከሚቀበለው ክፍል አርቀው ስለሚያኖሩት፥ በሩቅ የተደረገ ለውጥ የቅርቡን ትርጉም ያለ አንዳች ድምፅ ይለውጠዋል። ሒሳችን ያረፈው በዚህ ላይ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጃቫ የዩኒኮድን ፊደሎች በስም ውስጥ ስለሚቀበል፥ ለምሳሌ ያቀረብናቸውን ስሞች በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል፤ እንዲህ ያለ ስም ያለው ፕሮግራም ያለ ችግር ይሠራል።

1ኛ/ የጉዳዩ መነሻ

አንድ የጃቫ ፕሮግራም ብዙ ክላሶች አሉት፤ እያንዳንዱም ክላስ ሥራውን ለመፈጸም የሌሎችን ርዳታ ይሻል። በቀድሞው ልማድ ክላሱ የሚያስፈልገውን ዕቃ ራሱ ይፈጥረው ነበር። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፥ ክላሱ ከአንድ ከተወሰነ ዕቃ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ዕቃውን በሌላ ለመተካት ያስቸግራል። ሁለተኛ፥ ክላሱን ከሌሎች ነጥሎ ለመፈተን አይቻልም። ስለዚህ ክላሱ ዕቃውን ራሱ ከመፍጠር ይልቅ ከውጭ ይቀበለው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ለዚህ አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጄክሽን የሚለውን ስም ያስፋፋው ማርቲን ፋውለር በጃንዩወሪ 2004 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ስፕሪንግም ሮድ ጆንሰን በ2002 ካሳተመው መጽሐፍ ጋር ከቀረበው ኮድ ተነሥቶ፥ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ፥ ማለት 1.0፥ በማርች 2004 ወጣ።

በስፕሪንግ ዘንድ ዕቃዎቹን ፈጥሮ ለየባለቤታቸው የሚያቀብለው ክፍል ኮንቴይነር ይባላል፤ የሚያቀብላቸውም ዕቃዎች ቢን ይባላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለማን ምን እንደሚሰጥ በኤክስ.ኤም.ኤል. መዝገብ ላይ፥ በአብዛኛው በየስሙ እየተጠራ ይጻፍ ነበር። ይህ አጻጻፍ ረጅምና አሰልቺ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በስም ስለሚጠራ አሻሚነት እምብዛም አይገኝበትም ነበር። በ2007 መጨረሻ የወጣው 2.5 እትም ኦቶዋየርድ የተባለውን ምልክት ባመጣ ጊዜ ግን፥ ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልገውን ዕቃ ዐይነት ብቻ ተናግሮ የቀረውን ለኮንቴይነሩ መተው ቻለ። ከዚህ በኋላ ኮንቴይነሩ የሚሠራው የተጠየቀውን ዐይነት ከያዛቸው ቢኖች ጋር እያስተያየ ነው።

እንግዲህ አሻሚነት ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አይደለም፤ የአጻጻፍ ማሳጠር ዋጋ ነው። ዐይነት ብቻ ተናግረን ስም መጥራትን ስንተው፥ ከዚያ ዐይነት ሁለት በሚገኙበት ቀን አንድ ሰው ወይም አንድ ሕግ በእኛ ፈንታ መምረጥ አለበት።

2ኛ/ ኮንቴይነሩ እንዴት እንደሚፈርድ

ኮንቴይነሩ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚሄድበትን ደረጃ በቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያ ከተጠየቀው ዐይነት ጋር የሚስማሙትን ቢኖች ሁሉ ይሰበስባል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ፥ ማለት ከ4.0 እትም ወዲህ፥ የጄኔሪክ ዐይነቶችንም ለይቶ ይመለከታል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ማከማቻና የቁጥር ማከማቻ እርስ በርሳቸው አይምታቱም። ቀጥሎ፥ ተቀባዩ ኳሊፋየር የተባለውን ምልክት ጽፎ እንደ ሆነ፥ ከተሰበሰቡት ውስጥ ያንን መለያ የያዙትን ብቻ ያስቀራል። በዚህ ጊዜ አንድ ብቻ ከቀረ ነገሩ ያልቃል።

ከአንድ በላይ የቀሩ እንደ ሆነ ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። ከቀሩት አንዱ ፕራይመሪ፥ ማለት ቀዳሚ፥ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ከሆነ እርሱን ይወስዳል። በኖቬምበር 2024 በወጣው 6.2 እትም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ፎልባክ የተባለ ምልክት ተጨምሯል፤ ይኸውም «ሌላ ሲታጣ ብቻ እኔን ውሰዱ» ማለት ነው። ቀዳሚ የተባለ ከሌለ፥ ኮንቴይነሩ የተቀባዩን ፓራሜተር ወይም ፊልድ ስም ከቢኖቹ ስም ጋር ያስተያያል፤ የገጠመ ካለ ያንን ይሰጣል። በቁጥር የሚነገር የቅድሚያ ደረጃ አሰጣጥም አለ፤ ነገር ግን በተግባር ብዙ ስለማይገጥም እዚህ ላይ አንዘገይበትም።

ይህም ሁሉ ካልሆነ ኮንቴይነሩ ይቆማል። «አንድ ቢን ስጠብቅ ሁለት አገኘሁ» የሚል መልእክት ከሁለቱ ስሞች ጋር ያወጣና ፕሮግራሙ ሳይነሣ ይቀራል።

ይህን የመጨረሻውን ባሕርይ እናደንቃለን። መጀመሪያ ያገኘውን አንሥቶ መስጠት ለኮንቴይነሩ ቀላል ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የፕሮግራሙ ትርጉም በክላሶች አነባበብ ተራ ይወሰን ነበር፤ ዛሬ የሠራው ነገ ባልሠራ ነበር። ባለማወቅ ከመምረጥ ይልቅ «አላውቅም» ማለትን የመረጠ ሕግ የሚመሰገን ሕግ ነው። በቅኔ ሁለት ትርጉም መያዝ ውበት ነው፤ ሰሙን ከወርቁ የሚለየው አድማጩ ነውና። በፕሮግራም ግን አድማጩ መኪና ስለ ሆነ፥ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲሰማ ማቆሙ ተገቢ ነው።

3ኛ/ ሦስቱ መፍትሔዎች ሲመዘኑ

ኮንቴይነሩ እምቢ ባለ ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊው ሦስት መንገዶች አሉት፤ ፕራይመሪ፥ የስም መግጠምና ኳሊፋየር። ልዩነታቸው ከአገራችን የስም ልማድ በሚወሰድ ምሳሌ በቀላሉ ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበዎች አሉ እንበል። አስተማሪው «አበበ ስል ትልቁን ማለቴ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ለሁሉ ቢያውጅ፥ ይህ ፕራይመሪ ነው። ጠሪው በልቡ የያዘው የቁልምጫ ስም ከአንደኛው ተማሪ የቁልምጫ ስም ጋር ቢገጥምና በዚያ ቢግባቡ፥ ይህ የስም መግጠም ነው። አበበን ከነአባቱ ስም ቢጠራው ደግሞ፥ ይህ ኳሊፋየር ነው። ሦስቱም አንድን አበበ ያስነሣሉ። ነገር ግን በዓመቱ መካከል ሦስተኛ አበበ ሲገባ፥ ወይም ዐዋጁ ሲለወጥ፥ ሦስቱ አንድ ዐይነት ሆነው አይገኙም።

ስለዚህ መፍትሔዎቹን የምንመዝንባቸው ሦስት ጥያቄዎች እናቁም። ውሳኔው የተጻፈው ዕቃውን በሚቀበለው ዘንድ ነው ወይስ በሌላ ስፍራ? ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ አንድ ነገር ሲለውጥ ስሕተቱ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ኮምፓይለሩስ ውሳኔውን ሊያረጋግጠው ይችላል?

ሀ) ፕራይመሪ። ይህ ምልክት ከ3.0 እትም፥ ማለት ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው። የሚጻፈው በሚሰጠው ቢን ላይ እንጂ በተቀባዩ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ የተቀባዩን ክላስ የሚያነብ ሰው ውሳኔውን አያየውም። ኀይሉም ሰፊ ነው፤ ያለ ኳሊፋየር ለሚጠይቀው ሁሉ፥ ዛሬ ለተጻፈውም ገና ለሚጻፈውም፥ መልስ ይሆናል። ሁለት ቢኖች ቀዳሚ ተብለው ቢገኙ ኮንቴይነሩ ይጮኻል፤ አንዱ ብቻ ቀዳሚ ከሆነ ግን ሦስተኛና አራተኛ ቢን ቢጨመር እንኳ ዝም ይላል። በእርግጥ አንዱ ዋና ሌሎቹ የተለዩ በሆኑበት ስፍራ ይህ ዝምታ ጠቃሚ ነው። ሁለቱ እኩል በሆኑበት ስፍራ ግን፥ እኩል የሆነውን ቀዳሚ ማለት እውነት ያልሆነ ነገር መጻፍ ነው።

ለ) የስም መግጠም። ይህ መንገድ አንድም ምልክት ስለማይጠይቅ የተወደደ ነው፤ የፓራሜተሩን ስም ከቢኑ ስም ጋር ማስማማት ብቻ ይበቃል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። በጃቫ የፓራሜተር ስም የክላሱ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው ለንባብ እንዲመች ብሎ ቢለውጠው ማንም አይከሰውም። ስሙ ከቶ ውል አልነበረም። ኮምፓይለሩም ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር የፓራሜተሮችን ስም በተለመደው መልክ በክላስ ፋይሉ ውስጥ አያኖርም። ለዚህ ተብሎ ፓራሜተርስ የሚባል የኮምፓይለር ትእዛዝ በ2014 ከጃቫ 8 ጋር መጣ። ስፕሪንግ ለብዙ ዓመታት ስሞቹን ለስሕተት መፈለጊያ ከሚቀመጠው መረጃ ፈልቅቆ ያነብ ነበር፤ በኖቬምበር 2023 በወጣው 6.1 እትም ግን ይህን ተወ። በዚህ ምክንያት፥ ያንን ትእዛዝ ሳይሰጡ ፕሮግራማቸውን የሚያዘጋጁ ሰዎች፥ የጻፉት ኮድ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፥ አሮጌው አሻሚነት ሊገጥማቸው ይችላል። አንድ ውሳኔ በኮዱ ውስጥ ሳይሆን በኮዱ አዘገጃጀት ላይ የሚመሠረት ከሆነ፥ ተጻፈ ለማለት ያስቸግራል።

ሐ) ኳሊፋየር። ይህ ምልክት የሚጻፈው በተቀባዩ ላይ ነው፤ አንባቢው ክላሱን በከፈተ ጊዜ ውሳኔውን ያየዋል። ኮንቴይነሩም ከፕራይመሪ አስቀድሞ ስለሚመለከተው የሩቅ ዐዋጅ አይሽረውም። የተጠራው ቢን ቢጠፋ ወይም ስሙ ቢለወጥ ፕሮግራሙ አይነሣም፤ ማለት ስሕተቱ ይጮኻል። አንድ ድካም ግን አለበት። በተለመደው አጻጻፍ መለያው በጥቅስ ውስጥ የተቀመጠ ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ፥ አንድ ፊደል ቢሳሳት ኮምፓይለሩ አያውቀውም፤ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲነሣ ነው። ለዚህም መድኀኒቱ በማዕቀፉ ውስጥ አለ። ፕሮግራም ጸሐፊው የራሱን ምልክት ፈጥሮ ኳሊፋየር መሆኑን ሊገልጽበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሙን የሳተ ሰው በኮምፓይለሩ ይታረማል። ከሦስቱ ጥያቄዎች ለሦስቱም በጎ መልስ የሚሰጠው ይህ ብቻ ነው።

4ኛ/ አደጋው በምሳሌ ሲታይ

እስካሁን ያልነው መፍትሔዎቹን ለየብቻቸው እየመዘነ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን ሁለቱ፥ ማለት ፕራይመሪና የስም መግጠም፥ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲገናኙ ነው።

የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፕሮግራም እናስብ። ፕሮግራሙ ሁለት ዳታቤዞች አሉት። አንደኛው የአባላት ገንዘብ በየሰዓቱ የሚመዘገብበት ሲሆን ቢኑ «ሒሳብ_መዝገብ» ይባላል። ሁለተኛው ለዘገባ ብቻ የተዘጋጀና በየሌሊቱ ከመጀመሪያው እንደ ገና የሚገለበጥ ነው፤ ቢኑም «ዘገባ_መዝገብ» ይባላል። ሁለቱም በጃቫ ዘንድ አንድ ዐይነት ናቸው፤ ሰንጠረዦቻቸውም አንድ ዐይነት ስም አላቸው። ገንዘብ ከአባል ወደ አባል የሚያዛውረው ክላስ በኮንስትራክተሩ «ሒሳብ_መዝገብ» የሚባል ፓራሜተር አለው፤ ዘገባ የሚያዘጋጀው ክላስ ደግሞ «ዘገባ_መዝገብ» የሚባል። ኳሊፋየር ግን በአንዱም አልተጻፈም። ስሞቹ ስለሚገጥሙ ሁሉ ነገር በትክክል ይሠራል፤ ለዓመታትም እንዲህ ሊቈይ ይችላል።

አንድ ቀን አዲስ የገባ ፕሮግራም ጸሐፊ ሌላ የዘገባ ክላስ ይጨምራል፤ ፓራሜተሩንም «ምንጭ» ይለዋል። ኮንቴይነሩ «ምንጭ» የሚባል ቢን ስለማያገኝ ይቆማል። በስፕሪንግ ቡት የሚሠሩ እንደሚያውቁት፥ ከስሕተቱ መልእክት በታች የሚደረግ ምክር ይወጣል። ምክሩ ሦስት ነገር ይዘረዝራል፤ ከቢኖቹ በአንዱ ላይ ፕራይመሪ ማድረግ፥ ተቀባዩ ብዙ ቢኖችን እንዲቀበል ማድረግ፥ ወይም በኳሊፋየር መለየት። ፕራይመሪ በመጀመሪያ ተጽፏል። ቸኵሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ምክር ያነሣል። የእርሱ ክላስ የሚፈልገው የዘገባውን ዳታቤዝ ስለ ሆነ፥ ፕራይመሪ የሚለውን ምልክት በ«ዘገባ_መዝገብ» ላይ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ይነሣል፤ አዲሱ ክላስም በትክክል ይሠራል።

ገንዘብ አዛዋሪው ክላስ ግን ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ የሚጽፈው በዘገባው ዳታቤዝ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፥ በሕጉ ቅደም ተከተል ፕራይመሪ ከስም ይቀድማል። ፓራሜተሩ «ሒሳብ_መዝገብ» መባሉ፥ ቢኑም «ሒሳብ_መዝገብ» መባሉ፥ ለምንም አልጠቀመም። የገንዘብ አዛዋሪው ኮድ አልተነካም፤ ስለዚህ የኮድ ለውጦችን የሚገመግመው ሰው አያየውም። ሰንጠረዦቹ አንድ ዐይነት ስለ ሆኑ ዳታቤዙም አይቃወምም። ለሙከራ የሚሠራው ፕሮግራም እንደ ልማዱ አንድ ጊዜያዊ ዳታቤዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፥ ሙከራውም ያልፋል። በሌሊት ዘገባው እንደ ገና ሲገለበጥ፥ በቀኑ የተጻፈው ዝውውር ሁሉ ይጠፋል። ገንዘብ የላከው አባል ደረሰኝ ይዟል፤ የማኅበሩ መዝገብ ግን አያውቀውም።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ሰው አለመኖሩን ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ማዕቀፉ በፈቀደው መንገድ ሠራ። ሁለተኛውም መልእክቱ በመከረው መንገድ ሠራ። ሁለቱም ለየብቻ ትክክል ሆነው ሳለ በመገናኘታቸው ጥፋት ከመጣ፥ ጥፋቱ የሰዎቹ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሕጉም ነው።

ለዚህ ቅርብ የሆነ ሌላ ጉዳት በትራንዛክሽን ላይ ይደርሳል። ሁለት ዳታቤዞች ላሉት ፕሮግራም ሁለት የትራንዛክሽን አስተዳዳሪዎች ቢኖሩትና አንደኛው ቀዳሚ ቢባል፥ ስም ሳይጠራ የተጻፈ የትራንዛክሽን ምልክት ሁሉ ቀዳሚውን ይይዛል። ሥራው የሚከናወነው በሌላው ዳታቤዝ ላይ ከሆነ፥ ትራንዛክሽኑ የተከፈተው አንድ ቤት፥ ጽሕፈቱ የሚጻፈው ሌላ ቤት ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ለብቻው ወዲያው ስለሚጸና፥ በመካከል ስሕተት ቢነሣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ከአንዱ ሒሳብ የወጣው ገንዘብ ወደ ሌላው ሳይገባ ይቀራል።

ኳሊፋየር የጻፈ ሰውም ቢሆን ፈጽሞ ዐርፎ አይተኛም። ሎምቦክ የተባለውን መሣሪያ ተጠቅሞ ኮንስትራክተሩን የማይጽፍ ሰው፥ ኳሊፋየሩን በፊልዱ ላይ ቢያደርግ፥ መሣሪያው በቅንብር ካልታዘዘ በቀር ምልክቱን ወደ ኮንስትራክተሩ ፓራሜተር አይገለብጠውም። ጸሐፊው የአባቱን ስም ጠራሁ ብሎ ያምናል፤ ኮንቴይነሩ ግን አልሰማም። በዚህ ጊዜ የስም መግጠም ወይም ፕራይመሪ ክፍተቱን ዝም ብሎ ስለሚሞላው፥ የምልክቱ መጥፋት ሳይታወቅ ይቀራል።

5ኛ/ ሊቀርቡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፥ የማዕቀፉ ሰነድ ራሱ በ6.2 እትም የፓራሜተር ስሞች ከቢኖቹ ስም ጋር እንዲገጥሙ ይመክራል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስሞቹ ሲገጥሙ ኮንቴይነሩ በአጭር መንገድ ስለሚሄድ ፍለጋው ይፈጥናል። ነገር ግን ይህ የፍጥነት ምክር ነው። አጭሩ መንገድ የሚሠራው ፕራይመሪና ኳሊፋየር ካልተቃወሙት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌያችን ያየነውን አደጋ አያስቀረውም። ስሞቹን ማስማማት ጥሩ ልማድ ነው፤ በእርሱ ብቻ መታመን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ በየስፍራው ኳሊፋየር መጻፍ ኮዱን ያከብደዋል፥ ከኤክስ.ኤም.ኤል. ዘመን ድካም ያመለጥነው ለዚህ አልነበረም የሚል ነው። ለዚህ የምንመልሰው፥ ኳሊፋየር የሚያስፈልገው ከአንድ ዐይነት ሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑበት ስፍራ ብቻ ነው የሚል ነው። አንድ ብቻ ባለበት ቤት የአባት ስም መጥራት አያስፈልግም። ሁለት ባሉበት ቤት የሚጻፈው አንድ ቃል ደግሞ ሸክም ሳይሆን መረጃ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። በስፕሪንግ ቡት ውስጥ ብዙ ነገር ራሱ የሚዘጋጅ ሲሆን፥ ለምሳሌ ከዳታቤዝ ጋር የተያያዙት መሣሪያዎች አንድ የማያሻማ የዳታቤዝ ቢን ካላገኙ አይዘጋጁም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ቀዳሚ ማለት ግዴታ ይሆናል ይላሉ። ይህ ለብዙ ዓመታት እውነት ነበር፤ ምሳሌያችን በማኅበራት ፕሮግራም ውስጥ የማይሆን ነው ለማለትም የማያስችለው ይኸው ነው። ዳሩ ግን 6.2 እትም የተሻለ መንገድ አምጥቷል። ቢን በሚታወጅበት ስፍራ ዲፎልት ካንዲዴት የሚባለውን ባሕርይ «አይደለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይኸውም ያ ቢን በኳሊፋየር ለሚጠራው ብቻ እንዲሰጥ፥ በዐይነት ብቻ ለሚጠይቀው ግን እንዳይቀርብ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ «ዘገባ_መዝገብ» ከተራው ፍለጋ ወጥቶ በአባቱ ስም ብቻ የሚጠራ ይሆናል። ቀዳሚ ማለት ሳያስፈልግ የማያሻማ አንድ ይቀራል።

6ኛ/ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር

የስፕሪንግ ሕግ የማይቀር ሕግ አለመሆኑን ከሌሎች ማየት ይቻላል። የጉግል ኩባንያ በ2007 ያወጣው «ጁስ» የተባለው ማዕቀፍ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያውቀው በዐይነቱና በመለያ ምልክቱ በአንድነት ነው። ለአንድ ዐይነትና መለያ ሁለት ዕቃ ማስመዝገብ ስሕተት ነው፤ የፓራሜተር ስም ደግሞ ከቶ አይጠየቅም።

በ2009 መጨረሻ ከጃቫ ኢ.ኢ. 6 ጋር የወጣው ሲ.ዲ.አይ. የተባለው ደንብም በዚህ ይመስለዋል። በዚህ ደንብ መለያ ያልተሰጠው ቢን ሁሉ ዲፎልት የሚል መለያ እንዳለው ይቈጠራል፤ ሌላ መለያ የተሰጠው ግን ዲፎልትነቱን ያጣል። ስለዚህ መለያ ሳይጠራ የሚጠይቅ ተቀባይ፥ መለያ የተሰጠውን ቢን በስሕተት አያገኘውም። በስፕሪንግ ግን መለያ የተሰጠው ቢን፥ መለያ ሳይጠራ ለሚጠይቀውም እጩ ሆኖ ይቀርባል። በእኛ አስተያየት የአሻሚነቱ ትልቁ ሥር ይህ ነው፤ አንዱን ዕቃ የአባት ስም መስጠታችን ከሌሎቹ አልለየውም። በ2024 የተጨመረው ዲፎልት ካንዲዴት የተባለው ባሕርይ ሲ.ዲ.አይ. ከመጀመሪያው ወደ ነበረበት የቀረበ እርምጃ ነው። ልዩነቱ፥ በሲ.ዲ.አይ. ጥበቃው የተለመደው ሥርዐት ሲሆን፥ በስፕሪንግ ግን ፈልጎ የሚጽፈው ሰው ብቻ የሚያገኘው መሆኑ ነው።

ሲ.ዲ.አይ.ም ቢሆን ከነቀፌታ ነጻ አይደለም፤ ተለዋጭ የሚባሉትን ቢኖች በቅድሚያ ቁጥር በማስነሣት የሩቅ ዐዋጅ የመሰለ ነገር እርሱም ይፈቅዳል። ነገር ግን የስም መግጠምን ከፍርዱ ውስጥ ስላላገባ፥ በምሳሌያችን ያየነው የሁለት ሕጎች መጋጨት አይደርስበትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ካልነው የሚከተለውን እንደ መደምደሚያ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከአንድ ዐይነት ሁለት ቢኖች ባሉበት ፕሮግራም እያንዳንዱ ተቀባይ የሚፈልገውን በኳሊፋየር ይጥራ፤ ይልቁንም በተራ ጽሑፍ ሳይሆን ኮምፓይለሩ በሚያውቀው በራስ ምልክት ቢሆን ይመረጣል። ምልክቱም ኮንቴይነሩ በሚያነብበት ስፍራ፥ ማለት በኮንስትራክተሩ ፓራሜተር ላይ ይገኝ።

ሁለተኛ፥ ፕራይመሪ የሚገባው አንዱ በእውነት ዋና ለሆነበት ጉዳይ ብቻ ነው። የስሕተት መልእክትን ዝም ለማሰኘት መደረግ የለበትም። በአንድ ቢን ላይ ፕራይመሪ የሚያደርግ ሰው፥ ያንን ዐይነት ያለ ኳሊፋየር የሚጠይቁትን ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ፈልጎ ማየት ይገባዋል፤ የሚለውጠው የእነርሱን ሁሉ ትርጉም ነውና።

ሦስተኛ፥ ከ6.2 እትም ወዲህ በሚሠሩ ፕሮግራሞች፥ የተለየ ተግባር ያላቸው ቢኖች ዲፎልት ካንዲዴት እንዳይሆኑ ይደረጉ።

አራተኛ፥ አሻሚነት አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ሳይሆን ምልክት ነው። ተቀባዩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሁሉም ከሆነ፥ ለምሳሌ እንደየአባሉ ምርጫ በባንክ ወይም በስልክ ገንዘብ የሚልክ ክላስ ከሆነ፥ ቢኖቹን ሁሉ ከነስማቸው በአንድነት ተቀብሎ በሥራ ጊዜ ይምረጥ። ስፕሪንግ ይህን በዝርዝር ወይም ስምን ከዕቃ በሚያያይዝ ካርታ ማቀበል ይችላል።

አምስተኛ፥ ገንዘብ ወይም የሰው መዝገብ በሚነካ ስፍራ፥ ሙከራው ፕሮግራሙ መነሣቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው ዕቃ ለማን እንደ ተሰጠ ይመርምር። ሁለት ዳታቤዝ ያለው ፕሮግራም በአንድ ዳታቤዝ ብቻ መፈተን የለበትም።

ስለ ማዕቀፉ ሠሪዎች ደግሞ የምንለው አንድ ነገር ነው። የስም መግጠምን በፕራይመሪ መሻር በተፈጸመ ጊዜ ኮንቴይነሩ ቢያንስ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ቢጽፍ፥ ከላይ ያየነው ዝምታ ይሰበር ነበር። ፓራሜተሩ አንደኛውን ቢን በስሙ ጠርቶ ሳለ ሌላው ሲሰጠው፥ ይህ አሻሚ አይደለም ለማለት አይቻልም፤ ሁለት ምስክሮች የተለያየ ቃል ሰጥተዋል። የምክሩም ቅደም ተከተል ተገልብጦ ኳሊፋየር ቢቀድምና ፕራይመሪ በመጨረሻ ቢጻፍ፥ ቸኵሎ የሚሠራው ሰው ጉዳቱ ያነሰውን መንገድ ይይዝ ነበር።

ስፕሪንግ የማያውቀውን አላውቅም ለማለት የደፈረ ማዕቀፍ መሆኑን አመስግነናል። ይህን ቅንነት በጀመረበት መንገድ እስከ መጨረሻው ቢከተለው፥ የሚጠቀሙት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ አይደሉም፤ ደረሰኙን በእጁ ይዞ መዝገቡን የሚያምነው አባልም ጭምር ነው።